በቅቤ የተጠገነው መስታወት

ዛሬ ጠዋት አማቼ ዮናስ የመኪናውን በር ግቢያችን ውስጥ ፈታታው። መስታወቱ አልወርድም አልወጣም ብሎት ነበር። ስልኩን ጎማው ላይ አስደግፎ፣ አንድ የማያውቀው ሰው የሚያሳየውን እያየ ብሎኑን አንድ በአንድ ይፈታል። "አባባ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ቴክኒክ ተምረዋል አይደል? እስቲ ይምጡና ይዩልኝ" አለኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ቤት ገባሁ። ወገቤን አላመመኝም።

ቴክኒክ መማሬ እውነት ነው። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የተማርኩት ብየዳና ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው መንደራችን ስገባ ግን መሐንዲስ ነበርኩ። ራዲዮ የተበላሸበት ወደ እኔ፣ ወፍጮ ያስቸገረው ወደ እኔ። "አላውቅም" የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም። አይ ጉራ!

ተምሬ በተመለስኩበት ዓመት አባቴ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ያየው ድሬሰር "ሳንባው ነው፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውሰዱት። ብቻ ብርድ እንዳይነካው" አለን። አባቴ ግን እምቢ አለ። "የመስቀሉን በሬ ሳልመርቅ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም።" በእኛ አገር መስቀል ማለት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴም ሊስትሮውም ሥራውን ዘግቶ አገሩ ይገባል፤ አባወራው ሳይመርቅ ቢላ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ ጠበቅነው።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደገሙ ከመርካቶ የመጣው ከአንድ ፈረንጅ በገዛው አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበር። መስታወቱ በእጅ አይዞርም፤ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይወጣል። ይወጣ ነበር ልበል እንጂ፤ አባቴ ሊቀመጥበት ባለው በፊተኛው ወንበር በኩል ያለው መስታወት ግን መንገድ ላይ ሳሉ ወርዶ ቀርቷል። ጋሼ የፊቱን አቧራ እንኳ ሳይጠርግ "ይሄን ሥራልኝ፤ በመስቀል ማግስት አባን ይዘን እንሄዳለን" አለኝ።

"ቀላል ነው" አልኩት። ኧረ ምኑ ነው ቀላሉ! እንደዚያ ያለ መስታወት በዓይኔም አይቼ አላውቅ።

በመስቀል ዕለት፣ አባቴ መርቆ በሬው ከታረደ በኋላ፣ መንደርተኛው ሁሉ ከቦኝ በሩን በካቻቢቴ ፈታሁት። ሽቦው ደህና ነው፣ ዲናሞውም ይዞራል። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ላይ ያለው ግራሶ ግን ከአቧራ ጋር ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በነጭ ጋዝ አጠብኩት። አሁን አዲስ ግራሶ ያስፈልጋል። እንኳን አደረሳችሁ ሊለን የመጣው ጎረቤታችን ሸምሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። "ቡታጅራ ያቆምኩት መኪናዬ ላይ ሞልቷል። ነገ ፈጅር ሰግጄ አመጣልሃለሁ፣ ኢንሻአላህ" አለኝ።

ነገ ማለት በሩ ተገነጣጥሎ ማደሩ ነው። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ "አልጨረስኩም" ልል? "አያስፈልግም፣ አለኝ" አልኩት።

አልነበረኝም። የነበረኝ ቅቤ ነው። እናቴ ለመስቀል ብላ ዓመቱን ሙሉ ስታጠራቅም የከረመችው ቅቤ ጓዳውን ሞልቶታል፤ ክትፎው ላይ ቅቤ፣ አይቡ ላይ ቅቤ፣ የሰው ፀጉር ላይ ሳይቀር ቅቤ። ማንም ሳያየኝ ከቀለጠው በጣሳ ቀዳሁና ሀዲዱን ከላይ እስከ ታች ለቀለቅሁት። ፀሐዩ ጠንክሮ ስለነበር እንደ ዘይት ገባለት። ቁልፉን ስጫን መስታወቱ ሽቅብ ወጣ። እልልታው ቀለጠ! አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ በምርኩዝ መጣና ራሱ ተጫነው፤ ወረደ፣ ወጣ። "ልጄ ተምሯል!" ብሎ ሳቀ። በዚያች ሰዓት ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አደይ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ቡኢ ስንደርስ አባቴ አንድ የድሮ ወዳጁን መንገድ ዳር ቆሞ አየው። ጋሼ መኪናውን አቆመና "አባ፣ መስታወቱን አውርደውና ሰላም በለው!" አለ። መስታወቱ እያቃሰተ በክብደቱ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ተሳሳሙ፣ ተመራረቁ። ከዚያ አባቴ ቁልፉን ቢጫን ቢጫን አልወጣም። ጋሼም በእጁ ሳበው፤ ወይ ፍንክች።

ቅቤው በብርዱ ረግቶ ነበር። ሽታው ከበሩ ውስጥ መጣልኝ፣ ወዲያው ገባኝ። እዚያው አንድ ሻይ ቤት የፈላ ውኃ ለምነን፣ በሩን ፈትቼ ባጥበው፣ ቢያንስ መስታወቱን አውጥቼ እደግፈው ነበር።

"ምን ሆነ? ብትፈታውስ?" አለኝ ጋሼ።

"ዲናሞው ተቃጥሏል። ምንም አይደረግም" አልኩት።

ከቡኢ እንዳለፍን ዝናብ ወረደ፣ በረዶ የቀላቀለ። ከኋላ ሆኜ ጋቢ ብከልልበት ነፋሱ ይነጥቀኛል፤ ጋቢውም በስብሶ አባቴ ላይ ተለጠፈ። "ዝጉት እንጂ፣ ልጆቼ" አለ ሁለት ሦስቴ። አዲስ አበባ ስንገባ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሐኪሙ "ሳንባው ደካማ ነበር፤ ብርዱ ጨረሰው" አለን።

ጋሼ መኪናውን በወሩ ሸጠ፤ ከዚያ በኋላ አገር ቤት የሚገባው በአውቶቡስ ነበር። አርጅቶ አልጋ ላይ ሲወድቅ እጄን ይዞ "አባን የገደልኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "ያን የተረገመ መኪና የገዛሁት እኔ፣ አውርደው ያልኩት እኔ።" ወንድሜ እያለቀሰ ነው፤ አንዲት ቃል ብናገር ሸክሙ ይወርድለታል። እኔ ግን "የእግዜር ፈቃድ ነው፣ ጋሼ" አልኩት። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

እነሆ ዮናስ ደጅ መስታወቱን ሲያወጣና ሲያወርድ እየሰማሁ ይሄን እጽፋለሁ። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። እናቴም፣ ሸምሱም፣ ጋሼም አልፈዋል። የሚቆጣኝ ሰው እስኪያልቅ ጠብቄ ነው።