ለእንግዳ የታረደችው ፍየል

ዝናቡ እንቢ ባለበት ዓመት የአይሻ ከተማ ሴቶች ተሰባስበን ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዘይትና ተምር አዋጣን። የእርዳታ መኪና መንገዱ ካለቀበት አያልፍም፤ ተራራው ላይ ያሉት ደግሞ መንገድ የላቸውም። በአህያ ጭነን ወጣን። እኔ ጉልበቴን እያሸሁ «እህሉን ጫናችሁት፣ እኔን ማን ይጫነኝ?» እያልኩ ሳስቃቸው ደረስን።

የተቀበሉን አንድ ሽማግሌ ናቸው። እህሉን ለየጎረቤቱ እኩል አካፍለው ወደ ጎጇቸው አስገቡን። ሻይ መጣ፣ ወተት የለው ምን የለው። የኔ አፍ መች ያርፋል! በገበያ ሶማሊኛዬ «ዋርያ፣ እዚህ አገር እንግዳ በጥቁር ሻይ ነው የሚሸኘው? ቢላችሁ ዝጓል እንዴ?» አልኳቸው። ዋርያ «አንተ ሰውዬ» ማለት ነው፣ ለሽማግሌ አይባልም፤ እኩያዬ ናቸው ብዬ ነው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወጡ። ሽንታቸው መጥቶ መስሎኝ በሱም ቀለድኩ።

ምራታቸው ጥግ ላይ ልጇን ታቅፋለች። የልጁ አንገት ክር አክሏል።

«ጡት አይዝም?» አልኳት።

«ጡቴ ደርቋል፣ አያዮ» አለችኝ እንደ አያቷ ቆጥራ። «ከፍየሎቹ አንዲት ተርፋልናለች፤ እሷን እያለብኩ ነው ያቆየሁት።»

«አባቱስ?»

«ድንበሩ ላይ ደወሌ ከተማ ሸክም ፍለጋ ወረደ። ወሬውም የለም።»

«ፍየሏ የታለች?»

«ከጓሮ ታስራለች።»

ተነስቼ ወጣሁ። ቆዳዋ እሾሁ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ሽማግሌው በጣሳ ውሃ እጃቸውን ይታጠባሉ።

«ምነው፣ ምን አደረጉ?»

«እንግዳ ቤቴን እያማ ልቀመጥ?»

«ቀልዴን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ስቄያለሁም። ቢላው ግን አልዛገም።»

ምራቲቱ እሳት አነደደች፣ ቀቀለች፣ አቀረበች። ከመሀላቸው ክርስቲያኗ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስንት ዘመን አብሬያቸው ስኖር የሙስሊም ሥጋ ቀምሼ አላውቅም። «አንቺ ተይው፣ ይገባቸዋል» አሉኝ ሴቶቹ። አፌ ያመጣውን አፌ ይቅመሰው ብዬ በላሁ። የንስሐ አባቴ ለሥጋው ስግደት ሰጡኝ። ለቀልዱ ምንም አላሉኝም።

በገበያ ቀን የምትታለብ ፍየል ገዝቼ ላክሁ። ሽማግሌው «ለእንግዳ የታረደ አይተካም» ብለው ምራታቸውን መልሺላት አሏት። እሷም ልጇን አዝላ፣ ፍየሏን እየጎተተች ወረደች። ፍየሏን መለሰችልኝ፤ እሷም እኔው ቤት ቀረች። ሌላ ምን ታድርግ? ወተቱ ያለው እዚህ ነው።

ልጁ አሁን ሱቄን ይበጠብጣል፣ ስኳር ይሰርቃል፣ እኔኑ ይሳደባል። ያየ ሁሉ «ነፍስ አተረፍሽ» ይለኛል። ሽማግሌው ግን «ቃሌን ጥላ የሄደች ምራት የለችኝም» ብለዋል። ባሏም ከደወሌ ሲመለስ በደጃችን አልፎ ወደ አባቱ ወጣ። ልጁን ለማየት እንኳ አልገባም። እርዳታ ይዘን ወጥተን ቤት አፍርሰን ወረድን።

በቀደም ሴቶቹ ደግመው እህል ሲያዋጡ «አንቺ ዱቄቱን ስጪና አፍሽን ይዘሽ ቅሪ» አሉኝ። ዱቄቱን ሰጠሁ። ቀረሁ።