ማዘዣው ሐረር ቀረ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አረብ አገር ባሌ ዘንድ የምሄድ ዕለት ጎረቤቱ አንዱ ሐልዋ፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ እዚያ ላለ ልጁ የሚደርስ ሸሚዝ እያመጣ ሻንጣዬ አልዘጋ ብሎ፣ እናቴ ቁጭ ብለውበት ነው የተዘጋው። ሰዉ ሲወጣላቸው ጓዳ ጠሩኝና ክኒኖቼን በእጅ ቦርሳዬ ከቁርአኔ ጎን አስቀመጡልኝ።

«ለባልሽ ቶሎ አትንገሪው። መጀመሪያ ይልመድሽ» አሉኝ።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ክኒኑን እስከዋጥኩ ድረስ እንደማንም ሰው ነኝ፤ ካቋረጥኩ ግን እወድቃለሁ። በሐረር ግንብ፣ ጀጎል ውስጥ ቤት ለቤት ተጣብቀን ስለምንኖር፣ ያስነጠሰ ሰው «የርሐሙከላህ»፣ ይማርህ የሚባለው ከጎረቤት ነው። እኔ ግን በዚያ መሀል በሽታዬ ተደብቆልኝ አደግኩ። አባቴ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መድኃኒቴን የሚገዙት ግን ከግንቡ ውጭ፣ አቦከር ሰፈር ይዘውኝ ሄደው፣ የሚያውቃቸው ከማይገባበት ፋርማሲ ነበር። ምንድን ነው ሲባሉ «የልጅቷ ራስ ምታት» ይላሉ።

ይሄ መድኃኒት ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም፣ በልዩ ማዘዣ ብቻ ነው የሚሰጠው። ፋርማሲስቷ ማዘዣውን ተቀብላ ታስቀረዋለች፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ታሳያለች። ከዚያ ከትልቁ ቆርቆሮ ፍሬ በፍሬ ቆጥራ በትንሽ ፖስታ ታደርግልናለች። ክኒኑ የእኛ፣ ወረቀቱ የእሷ። ሕጉ እንዲያ ነው፤ እኛም ሌላ ሕግ መኖሩን አላሰብንም።

አረብ አገር እንደወረድኩ ሙቀቱ ድሬዳዋን እንኳ ጀነት አስመሰለብኝ። ጉምሩክ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ፖሊስ ሐረር የሚለውን ሲያነብ፣ ወላሂ፣ የመጀመሪያ ቃሉ «ጫት?» ነበር። ሐልዋውን ሳይቀር ወጋግቶ አየ። ጫት ሲያጣ ፖስታውን አገኘ። እኔ አረብኛ የማውቀው ለሰላት ብቻ ስለሆነ ያስተርጉም ብለው ውጭ የሚጠብቀኝን ባሌን ጠሩት። ናስር ይባላል፤ የሐረር ልጅ ነው። ኒካሃችን በወኪል ስለታሰረ፣ ከስልክ ውጭ ስንተያይ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ፖሊሱ ፖስታው ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ አሳየው። «ምን ይላል?»

«ማታ ማታ አንድ» አለ ናስር።

«የምኑ አንድ? ስሙ የታል? ካርቶኑ የታል? ሐኪም ያዘዘበት ወረቀትስ?»

«ፋርማሲው ጋ ነው» አልኩ።

«ለምን እዚያ ቀረ?»

«ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የእኛ።»

ፖሊሱ ሳቀ። «የእኛ ሕግ ደግሞ ወረቀት ከሌለ እስር ይላል። ምኗን ነው የሚያማት?»

ናስር ወደ እኔ ዞረ። «ምን ልበለው?»

የእናቴ ምክር ትዝ አለኝ፤ ግን እስር ሲል ሰምቻለሁ። «እውነቱን ንገረው። የሚጥል በሽታ አለባት በለው።»

ናስር ወደ ፖሊሱ ዞረ። ከዚያ «ሰርዕ» አለው። ያቺን የአረብኛ ቃል አውቃታለሁ፤ የበሽታዬ ስም ናት።

ክኒኖቹን ያዙ። ናስር ዋስ ሆኖ ፈርሞልኝ ወጣሁ፤ አገሬ ከታከምኩበት ሆስፒታል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካልመጣ ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ ነገሩን። መኪና ውስጥ መንገዱ ሲጋመስ «መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አለኝ።

«ስትለምደኝ።»

«እኔ እንኳን አንቺን፣ ይህን አገርም አልለመድኩት» አለና፣ ቤት ይወስደኛል ስል ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ጀመረልኝ። እዚህ ፋርማሲ መታወቂያዬን ተቀብለው ኮምፒውተር ያያሉ እንጂ ፊቴን አያዩም። የአቦከሯ ፋርማሲስት «እንዴት ነሽ እህቴ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሳትል ሰጥታኝ አታውቅም ነበር።

ለአባቴ ደወልኩ። የስፌት መኪናቸው እየተንኳኳ ይሰማኛል።

«አባ፣ በሽታዬ የተጻፈበት ደብዳቤ ከሆስፒታል ያውጡልኝ።»

«የራስ ምታት ብለው ቢጽፉልሽስ?»

«አባ፣ ራስ ምታት ብለው ከጻፉ ታሰርኩ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «እሺ» አሉኝና ዘጉት።

አባቴ የሄዱ ዕለት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል በጀጎል ሰው ተሞልቶ ነበር አሉ። ጸሐፊዋ «የምን ሕመም ነው አባባ?» ስትላቸው አባቴ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነገሯት። አልሰማቻቸውም። ደገሙላት፣ አሁንም አልሰማችም። በመጨረሻ «የሚጥል በሽታ! ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት!» ብለው ጮኹ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ እናቴ ከገበያ ሰምተው ነው።

ደብዳቤው መጣ፤ ጉዳዬ ተዘጋ፣ አልሐምዱሊላህ። ክኒኖቹን አልመለሱልኝም። እኔም እስካሁን አገሬን አላየሁም። በየጁምዓው እደውላለሁ፤ እናቴ «መቼ ነው?» ይላሉ፣ «ኢንሻአላህ» እላለሁ።

ያ ወሬ መኪና ግርግር ከደረሰ በኋላ፣ ከአባቴ ጎን የሚሰፋው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ «የኔም ልጅ ትወድቃለች። እስካሁን ጸበልና ዱዓ ብቻ ነው» ብሎ አለቀሰባቸው። በማግስቱ አባቴ ሥራቸውን ትተው አባትና ልጅን ሆስፒታል ወሰዱ። ካርድ አወጡላት፤ ተራዋ እስኪደርስም አብረዋት ቆሙ።