መቱ እስኪጠራ

የወዳጄ ሚስት ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም። እኔ ያን ሰሞን ዳሌዬን ተሰብሬ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴም እኔን ትታ መሄድ አልቻለችም። እሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አዳማ፣ ሴት ልጁ ዘንድ ነው የሚኖረው። ከዳንኩ በኋላም ከመቱ አዳማ ድረስ አውቶቡስ ላይ መቀመጥን ሐኪሙ ከለከለኝ። ዘመድ ልከን ነበር፤ ወዳጄ ግን የኔን ድምፅ አልሰማም። ይህ ነገር አሥር ወር ሙሉ እንደ እሾህ ወጋኝ።

ስልክ አለ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ወዳጄ ይንተባተባል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ ስልክ ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል። «ደ... ደ...» ሲል እኔም ሳላስበው «ደህና ነኝ ልትል ነው?» እለዋለሁ። ይናደድና ስልኩን ለልጁ ያቀብላታል። የራሱ ስልክ የለውም። «ደህና ነኝ ይልዎታል ጋሼ» ትለኛለች እሷ። እግዚአብሔር ያጥናህ ደግሞ በልጅ አይላክም፤ ለራሱ ነው የሚባለው።

በሬዲዮ ግን ተንተባትቦ አያውቅም። ሁለታችንም የአንድ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ሠራተኞች ነበርን። ክልሉ እንደ አዲስ ተዋቅሮ ወረዳዎቹ ቢሮ በከፈቱበት ጊዜ፣ በመቱ ዙሪያ ባሉት፣ በቡሬም በዳሪሙም፣ ስልክ ብርቅ ነበር፤ ሥራው የሚሠራው በመገናኛ ሬዲዮ ነው። እሱ መቱ ማዕከሉ ላይ፣ እኔ ያኔ ቡሬ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ዘበኛ ሆኜ ነው የገባሁት፤ ሬዲዮን ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር፣ «ኦቨር» ብሎ ተራውን እስኪሰጥ ማንም ሊያቋርጠው አይችልም፣ ቃሉን ከአፉ የሚነጥቀው የለም። እና ያ ስንገናኝ «እንደምን አደርክ»ን ለመጨረስ የሚያልበው ሰው፣ በሬዲዮ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አንድ ሳይስት ያንቆረቁረዋል።

ልጁ ይህን ታውቃለች። እሷም ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በሬዲዮ ከሚነጋገሩት፣ አማተር ከሚባሉት ሰዎች አንዷ ናት። አንድ ቀን ደውላ «ጋሼ፣ እናንተን በሬዲዮ ላገናኛችሁ» አለችኝ። የሬዲዮ ፈቃድ አስጨርሳ ስንት ወረቀት ካስፈረመችኝ በኋላ፣ በአውቶቡስ አንድ የእጅ ሬዲዮና ከሳሙና የማይበልጥ ሣጥን ላከችልኝ።

«የእጅ ሬዲዮው ድምፅዎን ለሣጥኑ ይሰጠዋል» አለችኝ በስልክ። «ሣጥኑ በኢንተርኔት አዳማ አንድ ሕንፃ ላይ ላለው ሪፒተር ያደርሰዋል። ሪፒተሩ ተቀብሎ ለአባዬ ሬዲዮ መልሶ ያሰራጨዋል።»

«ተራራውስ? ድምፁን አይዘጋውም?»

«ተራራው አያገባውም ጋሼ።»

«ተራራ የማያገባበት ሬዲዮ አይቼ አላውቅም» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አላመንኳትም።

ከዚያ የመጣብኝን ጣጣ ምን ብዬ ልንገራችሁ። የድሮው ሬዲዮ ማብሪያ፣ ማዞሪያ፣ መናገሪያ ነበረው፤ አለቀ። ይኼኛው ገና ሲበራ በእንግሊዝኛ ዝርዝር ይደረድራል። መጀመሪያ የራሴ ነው የተባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር። ቀጥሎ እኔና ወዳጄ የምንገናኝበት የቡድን ቁጥር። ቀጥሎ ደግሞ ሣጥኑን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር ማያያዣ የይለፍ ቃል።

«ትልቁ ኤ ነው ጋሼ፣ ትንሹን ነው የነኩት» ትለኛለች።

«ኤ ከሆነ ኤ ነው፤ ትልቅ ትንሽ ምን ያደርጋል?» እላታለሁ። እኔ የማውቀው ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም።

ሣጥኑ አንድ ቀይ መብራት አለው። ሲገናኝ አረንጓዴ ይሆናል ተብያለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀይ ሆኖ አፈጠጠብኝ። አረንጓዴ ሊሆን ሲል የቤቱ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ እኔ አንዱን አሃዝ አሳስቼ ተገኛለሁ። ባለቤቴ በበሩ ባለፈች ቁጥር ዝም አትልም።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ዕቃ ያጎነበስከውን ለጓሮው ብታጎነብስ ጎመን በበላን።»

በስምንተኛው ቀን አረንጓዴ በራ። ልጅቱ በስልክ «ቁልፉን ይጫኑና ቲት እስኪል ይጠብቁ፤ ካልጠበቁ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ይቆረጣሉ» አለችኝ። ተጫንኩ፣ ጠበቅኩ፣ ተናገርኩ። ድምፅዋ ከሬዲዮው ወጣ። «ጥርት ብሎ ይሰማል ጋሼ!» አባቷ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሷም በማግስቱ ስልክ በማይደርስበት አገር ለአንድ ወር ለሥራ ልትወጣ ነበርና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባዬ ሬዲዮውን ይይዛል» ብላኝ ተሰናበተችኝ።

ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ቁጭ አልኩ። ለሀዘን የምናገረውን በልቤ ደርድሬዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሬዲዮው ዝም። ዘጠኝ ተኩል፤ ዝም። አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቴ ኮቱን ከትከሻዬ አውልቃ ሰቀለችው።

ተበላሽቷል አልኩ። ያስገባሁትን ሁሉ አጥፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሰባቱን አሃዝ፣ የቡድኑን ቁጥር፣ ያንን ትልቁን ኤ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በሁለተኛው ቅዳሜም ያው ዝምታ።

በሦስተኛው ተራራው ትዝ አለኝ። ልጅ ነች፣ ምን ታውቃለች፣ አልኩ በሆዴ። ጎረቤታችን ጎሬ ከተማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኛ ጊዜ ከጎሬ የማይሰማ አልነበረም። ሣጥኑን በፌስታል ይዤ፣ ዳሌዬን እያሻሸሁ በሚኒባስ ወጣሁ። አንድ የማውቀው ባለሱቅ መሰኪያ ሰጠኝ። በረንዳው ላይ ሬዲዮውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ሰው ተሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ከሰማይ ቤት ጋር ነው እንዴ?» አለኝ ባለሱቁ።

«አዳማ ነው።»

«ሰማይ ቤት ይቀርብ ነበር።»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ሁሉ ነገር ልክ ነው፣ ሰውዬው የለም። ወይ ታሟል አልኩ፣ ወይ ለቅሶ ስላልደረስኩ ተቀይሞኛል። ወደ መቱ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይኼኛውን አሰብኩ። ሊቀየመኝ መብት አለው።

አራተኛው ቅዳሜም እንደዚያው አለፈ፤ በማግስቱ ልጅቱ ከሥራዋ ተመልሳ ደወለች።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«እኔ ነኝ ዝም ያልኩት? አባትሽ ነው እንጂ!»

«አባዬማ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮውን ታቅፎ ይቀመጣል። ምን አለ ስለው "መቱ አልጠራኝም" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ።»

ለምን አንተ አልጠራህም ትሉኝ ይሆናል። በኛ ሥራ የሚጠራው ማዕከሉ ነው። ወረዳው ጆሮውን ሰጥቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ሳይጠራ አፉን የከፈተ ተግሣጽ ይደርሰዋል። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ለኔ ማዕከል ማለት እሱ ነው፣ የትም ይኑር። ለሱ ደግሞ ማዕከል ማለት መቱ ነው፣ ማንም ይቀመጥበት። እኔ መቱ ሆኜ እሱን ስጠብቅ፣ እሱ አዳማ ሆኖ መቱን ሲጠብቅ፣ ደህና የሆነ ሬዲዮ ስፈታና ስገጥም ወር አለቀ። አንድ ጊዜ አውራ ጣቴን ብጫን ኖሮ! ንዴቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

ቀጣዩን ቅዳሜ አልጠበቅሁም። «አሁኑኑ ሬዲዮውን ይያዝ» አልኳት። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቲቱን ጠበቅኩ።

«አዳማ፣ አዳማ፤ መቱ ይጠራል። ይሰማል? ኦቨር።»

«መቱ፣ በደንብ ይሰማል» አለ። አንድም ቃል አልያዘውም። «ጣቢያውን ዘግተህ የት ከርመህ ነው? አራት ቅዳሜ ሙሉ! በኛ ጊዜ ቢሆን ከደሞዝህ ይቆረጥ ነበር፤ ኦቨር።»

የደረደርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ለቅሶ ሳልደርስልህ ቀረሁ» አልኩት። «እግዚአብሔር ያጥናህ። ነፍሷን ይማር። ጀባዱ፣ በርታ ወንድሜ። ኦቨር።»

ከዚያ በኋላ የሬዲዮው መስኮት ላይ የሱ ቁጥር በራ፤ ቁልፉን ተጭኗል ማለት ነው። ድምፅ ግን የለም። ቁጥሩ እንደበራ ቆየ። እሱ ተጭኖ ሳለ እኔ ልናገር አልችልም። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ተናገረ። የሚስቱን የመጨረሻ ሌሊት ነገረን፤ ውሃ እንደጠየቀችው፣ ትራሱን እንዳስተካከለላት፣ እሱ ሊመልስላት ሲንተባተብ እጁን ይዛ እንደጠበቀችው። ሰው አንድ ጊዜ ተጭኖ ብዙ እንዳይናገር ማሽኑ ልክ አለው፤ ልኩ ሲደርስ ይቆርጠዋል። እሱ እንደገና ይጫንና ከተቆረጠበት ቃል ይቀጥላል። ሦስት ጊዜ ቆረጠው፣ ሦስት ጊዜ ቀጠለ። «ጨርሻለሁ፣ ኦቨር» አለ።

ባለቤቴ ሬዲዮውን ከእጄ ወሰደችው።

«ቲት እስኪል ጠብቂ» ስላት ጀምራዋለች። ቁልፉን ለቀቀች።

«እትዬ፣ መጀመሪያው ተቆርጧል» አለ እሱ። «ይድገሙልኝ፤ ኦቨር።»

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ተጫነች፣ ጠበቀች። ከዚያ የለቅሶ ቃሏን አንድ በአንድ ደገመችለት።