ሽማግሌዎቹ የቆሙበት የዋይፋይ መስመር

ቂርቆስ ውስጥ ዋይፋይ የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ፣ ወደ እኔ ነው የሚላከው። ይኼን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ማለቴ ለመኩራራትም ነው፣ ግን እውነትም ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱንም ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ እያየሁ ነው የለመድኩት። ካዛንቺስ በነበርን ጊዜ የሰፈሩን ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ቴፕ፣ ሁሉንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። አንዳንዱ ከተገጠመ በኋላ ሠርቷል።

ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ዋይፋይ አስገባን። ገመዱ የገባው በሳሎኑ ጥግ ስለሆነ ራውተሩን እዚያው ጥግ ኮመዲኖ ላይ አስቀመጥነው። ባለቤቴ ወዲያው ዳንቴል አለበሰችው። ልጄ ደግሞ ከቤት ነው የምትሠራው፤ ክፍሏ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከሁለት ግድግዳ ኋላ ነው። በየቀኑ ብቅ እያለች «አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ፊቴ ደርቆ ይቀራል» ትለኛለች። እኔ እያለሁ የልጄ ፊት በሰው ፊት ሊደርቅ? በቃ፣ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

ያሰብኩት ስለ መኪና የፊት መብራት ነው። ውስጡ ያለችው አምፖል ትንሽዬ ናት። መንገዱን ሁሉ የምታበራው ከኋላዋ ያ የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ነገር ስላለ ነው። እሱን አውጥተህ አምፖሏን ብቻዋን ብታበራት የገዛ ጫማህን አታይም። ራውተርም አምፖል ነው። አናየውም እንጂ በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ግማሹን ለግድግዳ፣ ግማሹን ለጎረቤት። ስለዚህ ዳንቴሉን ገፍፌ፣ የባለቤቴን ትልቁን የአልሙኒየም ትሪ በጉልበቴ ጎበጥ አድርጌ ከራውተሩ ኋላ አቆምኩት። ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞርኩት።

ልጄ ከክፍሏ ውስጥ ጮኸች። «አባዬ! በረረ እኮ!»

ወዲያው ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጮኸች። «እኔ ጋ ጠፋ!»

«የመኪና መብራት ወደ ኋላ አያበራም» ብዬ አስረዳኋት።

«እና እኔ ኋላ ነኝ?» አለች። ስለ ትሪው ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል።»

ልጁን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁት መስሎት መኪናውን ከሕንፃው ጀርባ እያቆመ ሲጠብቃት ኖሯል፤ የመኪናውን ዲናሞ ድምፅ ከአልጋዬ ሆኜ እለየዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ዲናሞው ነው መጥፎ። «ይምጣ» አልኳት።

«አንድ ነገር ግን አለ።»

ነገሩ አያትየው ናቸው። ልጁን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፣ እግራቸውን ታመው አልጋ ላይ ናቸው፣ መምጣት አይችሉም። ግን «የልጄን ነገር ሌላ ሰው አይጠይቅልኝም» ብለዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ይቆማሉ፤ ቃሉን የሚናገሩት ግን እሳቸው ናቸው፣ በቪዲዮ። አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራሉ፣ አይደግሙም። የልጁ ታላቅ ወንድም ሲያገባ የሴቷ አባት ንግግራቸውን አቋርጦ «ሻይ ይምጣ?» ስላለ ብቻ ተነሥተው ወጡ፤ ጋብቻው ዓመት ሙሉ ቆመ አሉ።

«እና ኔትወርኩ ቢቋረጥስ?» አልኳት።

«ከተቋረጠ አለቀ፣ አባዬ። እሳቸው ኔትወርክ ነው አይሉም፤ ናቁኝ ነው የሚሉት።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። «እኔ ዓመት መጠበቅ አልፈልግም። አደራ።»

ለእኔ? አደራ? ደረቴ በር አልበቃውም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይኼን ሰምቶ ሐሙስ ቤት መጣ። ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ እሱ ያለበት ፎቅ ላይ የአይቲ ክፍል ስላለ ብቻ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ትሪውን በጣቱ ነካ አደረገና «ኔትወርኩን ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያሻግር ሪፒተር ግዛ» አለኝ። «ሶኬት ላይ ትሰካለህ፣ አለቀ።»

«ያንተ ነገር መኪና ሲደክም የሚገፋ ሁለተኛ መኪና መግዛት ነው» አልኩት።

«እሑድ እንተያያለን።»

«እንተያያለን። ያለምንም መቆራረጥ።»

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ የትም ቢሮ አይሠራውም። ትሪውን ከኮሪደሩ ወደ ሳሎኑ አዞርኩት፣ በቀጥታ ወደ ቲቪው። የልጄን ላፕቶፕ ቲቪው ሥር አድርጌ በገመድ አገናኘኋቸው፣ አያትየው ሰፋ ብለው እንዲታዩ። የራውተሩን ቻናል ቀየርኩ። ፓስወርድ ቀየርኩ፤ በዚያው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ሰላምታ አቆሙ፣ ለካ እስከዛሬ ሰላም የሚሉት ፓስወርዱን ነበር። ማይክሮዌቩ ኔትወርክ ስለሚረብሽ ማንም እንዳይነካው ነቅዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ባለቤቴን ስልክ አስይዤ በየሶፋው፣ በየወንበሩ፣ በየዱካው አስቀመጥኳት።

«አሁን ምን ይላል?»

«ሽንኩርትሽ እየከሰለ ነው ይላል።»

«ፍጥነቱን ነው!»

«እየፈጠነ ነው የሚከስለው።»

ሁሉም መቀመጫ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ መቀመጫ ሳይቀር ተለክቶ አለቀ። ባለቤቴ የትሪው ነገር እንዳያሳፍራት ከላይ ነጠላ ጣል አደረገችበት። ተኛሁ፣ እንደ ሕፃን።

እሑድ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱም መጡ። ፊት ፊት የሚሉት ረጅም፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁለተኛው ለገሃር መለዋወጫ የሚነግዱ፣ ትከሻቸው በሩን የሞላ ሰው። ሦስተኛው ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ «ልክ ነው» ከማለት ሌላ ቃል ያልወጣቸው ሰውዬ። እኔና የባለቤቴ ወንድም ራውተሩ አጠገብ ሶፋው ላይ ነን። ባለቤቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ልጄ በደንቡ መሠረት ጓዳ ናት።

«ኑ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«የለም» አሉ አስተማሪው። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ይኼን የማያውቅ ሰው አለ? የእኔም ሽማግሌዎች እንዲሁ ብለው እግራቸው እስኪያብጥ ቆመዋል። ሳምንቱን ሙሉ የለካሁት ግን መቀመጫ ነበር። መቆሚያ አልለካሁም።

ሦስቱም ሳሎኑ መሐል፣ በራውተሩና በላፕቶፑ መካከል፣ ገጥመው ተደረደሩ። ቲቪው ላይ አያትየው ብቅ አሉ፤ ነጭ ጋቢ፣ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው። «እንደምን አደራችሁ» አሉ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኛ የመጣንበት ጉዳይ...» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ቀሩ።

«ምነው ዝም አሉ?» አሉ ነጋዴው።

«እያሰቡ ነው» አልኩ።

የባለቤቴ ወንድም ጆሮዬ ሥር «በአንድ ዓይን?» አለ።

ያኔ ገባኝ። ሰው ማለት ውሃ ነው፤ ዋይፋይ ደግሞ ውሃ አይወድም፣ ይኼን ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ። መብራቴ ፊት ሦስት በርሜል ውሃ ቆሟል፣ አንደኛው ካፖርት ለብሶ።

አሁን ላፕቶፑን ለምን ወደ ራውተሩ አላስጠጋኸውም የሚለኝ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም በማግስቱ ሻወር ውስጥ ሆኜ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

አያትየው ተመለሱ። «...አቋረጣችሁኝ?»

«ኧረ በፍጹም አባባ!» ብለን አራታችንም ጮህን። ሦስተኛው ሰውዬ «ልክ ነው» አሉ። አያትየው እንደገና ደረቁ።

«እባካችሁ፣ በማርያም ቁጭ በሉ» አልኩ። «ለኔትወርኩ ነው።»

«ልጅቷን ሰጡን ማለት ነው?» አሉ አስተማሪው።

«ገና አልተጠየቅኩም እኮ!»

«እንግዲያው አንቀመጥም።»

«ካልተቀመጣችሁ ደግሞ እሳቸው አይጠይቁኝም!»

«ካልጠየቁ አይሰጡንም። ካልሰጡን አንቀመጥም። ካልተቀመጥን አይጠይቁም።» በጣታቸው አየር ላይ ክብ ሠሩ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሉ ነው የሚመስለው። ችግሩን አልፈቱትም፣ ግን በደንብ አስረዱት።

«ልክ ነው» አሉ ሦስተኛው።

«ትንሽ ዝቅ ብትሉስ?» አልኩ። «መቀመጥ ሳይሆን፣ በቃ... ጉልበት ማጠፍ።»

ተያዩ። ነጋዴው «ቁጢጥ ማለት መቀመጥ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«አይደለም» አሉ አስተማሪው ጥቂት አስበው። «መቀመጫ ወንበር ወይም መሬት ካልነካ መቀመጥ አይባልም። ይቻላል።»

ሦስቱም ቀስ ብለው ወረዱ። የነጋዴው ጉልበት እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ፣ ማለቴ ድምፁ። ቲቪው ነቃ! አያትየው ወደ ካሜራው ተጠጉ።

«ሽማግሌዎቼ የት ሄዱ? ተቀመጡ እንዴ?»

«አልተቀመጥንም አባባ!» አሉ አስተማሪው ከታች። «ዝቅ ብለን ነው!»

«ምን አድርጋችሁ ነው ዝቅ የምትሉት? የእኔ ሽማግሌ በሰው ቤት ዝቅ ይላል?»

ደንግጠው ሦስቱም ተነሡ። አያትየው ጣታቸውን ቀስረው፣ ተቆጥተው ደረቁ። ያ ጣት ወደ እኔ ነበር የተቀሰረው። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸው ብቻ መጣ፣ እየተቆራረጠ። «የመጨረሻ... አንድ ጊዜ... ካልሆነ...»

ወደ ጓዳው መጋረጃ አየሁ። የልጄ ጣቶች መጋረጃውን ጨምድደው ይዘውታል። ጣቶቿ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ነጭ ሆነዋል።

ተነሣሁ። ነጠላውን ገፈፍኩ፣ ትሪውን አንሥቼ ወለሉ ላይ ጣልኩት፤ ሕንፃው ሁሉ ሰማው። ባለቤቴ «ትሪዬ!» አለች። የባለቤቴን ወንድም ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። በሕይወቴ ያንን ዓረፍተ ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ስለነበር ድምፄን እኔም አላወቅኩትም። ራውተሩን ከነገመዶቹ ይዤ ዱካ ላይ ወጣሁ፣ በሁለት እጄ እስከ ጣሪያው አነሣሁት። ከሽማግሌዎቹ አናት በላይ፣ ከአስተማሪውም በላይ።

አያትየው ተንቀሳቀሱ። ጥርት ብለው፣ የጋቢያቸው ጥለት ሳይቀር።

ቀና ብለው አዩኝ። «ያ እጁን የሰቀለው ሰውዬ ማነው? ማን ሊተኩስበት ነው?»

«የልጅቷ አባት ናቸው» አሉ አስተማሪው።

«ምን ሆነው?»

«ኔትወርክ ይዘው ነው፣ አባባ።»

«እንዲህ ሆነው ልጠይቃቸው?»

«ይጠይቁ አባባ!» አልኩ ከላይ። «እችላለሁ!»

ጠየቁ። ግን ከአባታቸው አባት ነው የጀመሩት። ዘር ቆጠሩ፣ ርስት ቆጠሩ፣ ልጁ ጥርስ ያወጣበትን ሳምንት፣ በኩፍኝ የተኛበትን፣ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ አንድ በአንድ። ራውተር ቀላል ነገር ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ልጁ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ግን የጭነት መኪና ሞተር ሆነብኝ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የአያትየው ፊትም ተንቀጠቀጠ። የባለቤቴ ወንድም ተነሥቶ ክርኖቼን ከሥር ደገፈልኝ። ዩኒቨርሲቲውን እንደዚያ አለፍነው።

በመጨረሻ «ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ» አሉ።

የዚህ መልስ ይታወቃል። «ከዘመድ ጋር እንምከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። ሲመለሱ ደግሞ እንደገና ይቀጠራሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ላመላልሳቸው አስቤ ነበር፣ አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ ንግግሬንም መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን የተናገረው ክንዴ ነው።

«ሰጥቻለሁ! ቁጭ በሉ!»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ዘጭ አሉ። የባለቤቴ ወንድም «እንዴ! ምክሩስ? ቀጠሮውስ?» አለ።

«ክንዴን ይዘህ የለ? ምከረኝ!» አልኩት።

አያትየው ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሳይመክሩ? ወዲያው? ልጅቷ ምን ጉድለት ቢኖራት ነው?»

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ዋይፋይ ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ይኼን ማስተካከል ሌላ ነው።

«አባባ» አልኩ ከዱካዬ ላይ፣ «ጉድለቱ የእኔ ነው። ልጅቷ የእርስዎ ቃል እንዳይቋረጥ አደራ ብላኝ ነበር፤ እኔ በትሪ አበላሸሁት። እርስዎ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው አሉ። እኔም አንድ ጊዜ ነው የምመልሰው። ሁለተኛ ጊዜ ልመልስ ብል ደግሞ እጄ አይችልም።»

አያትየው አዩኝ። ክንዶቼን አዩ፤ ክርኖቼን የያዘውን ሰው አዩ። ከዚያ ጋቢያቸው ሲነቃነቅ አየን፤ መጀመሪያ ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። «አውርዱት» አሉ። «ይኼ ሰው ይበቃዋል።»

ወረድኩ። ራውተሩን ላስቀምጥ ስል ጣቶቼ አልፈታ አሉ፣ ደርቀዋል። ባለቤቴ ብትስብ፣ ወንድሟ ቢስብ፣ አልሆነም። ያኔ ልጄ ደንቡን ትታ ከጓዳ ወጣች። ፊቴ ተንበርክካ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፣ ከትንሿ ጀምራ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«ይቺ ናት?» አሉ አያትየው ከቲቪው።

«እሷ ናት አባባ» አሉ አስተማሪው።

ልጄ አውራ ጣቴን አላቃ ራውተሩን ወሰደችና ከጭንቅላቷ በላይ ይዛ ቆመች፣ እሳቸውን እያየች።

«እጇ ብርቱ ነው» አሉ። እሱን ሁላችንም ሳይቆራረጥ ሰማነው።