ሽቶውን ማን ነካው?

ከወጣትነቴ ጀምሮ የምቀባው የሰንደል እንጨት ሽቶ ነው። የምገዛውም አዳማ ገበያ አጠገብ ሱቅ ካላቸው አንድ የወሎ ሽማግሌ ነው። ከትልቁ ጠርሙስ በመርፌ እየሳቡ ብልቃጤን ይሞሉልኝና የመጨረሻዋን ጠብታ ምርቃት ብለው እጄ ላይ ያደርጉልኛል። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ ዞር የሚለው ለመልኬ እንዳልሆነ አላጣሁትም።

እናቴን ቀብሬ፣ የሐዘን ልብሴን ባወለቅኩ ማግስት ብልቃጡን ስከፍት ግን ጠረኑ አስጠልቶኝ መልሼ ከደንኩት። ያ የምወደው ሽቶ ተቀይሯል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጄን ነው፤ ተቀብታ ስትጨርሰው ሌላ ነገር ሞልታበት ይሆናል ብዬ። "ኧረ እማዬ፣ የባልቴት ሽቶ ማን ይቀባል?" ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥሎ የአዳማን ሙቀት ጠረጠርኩ። አዲስ አስሞላሁ፤ ያው ነው፣ ያስጠላል። እንግዲህ የቀሩት ሽማግሌው ናቸው። እኔ ደግሞ አንዴ ከጠረጠርኩ እረፍት የለኝም።

ሱቃቸው ሄጄ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ደንበኛ በቆመበት፣ "አባባ፣ እርስዎም መደባለቅ ጀመሩ?" አልኳቸው።

መርፌውን አስቀመጡት። "ወላሂ፣ ጠብታ አልጨመርኩበትም" አሉና ከትልቁ ጠርሙስ ቀድተው እዚያ የቆሙትን ሁለት ሴቶች እጃቸው ላይ ቀቧቸው። ሁለቱም አሽትተው "የድሮው ነው" አሉ። ተመካክረዋል ብዬ እነሱንም ጠረጠርኩ።

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጄ፣ እናትሽ አልጋ ላይ ሳሉ በየሳምንቱ ነበር የምትወስጂው። ያን ሁሉ ምን አደረግሽው?" አሉኝ።

እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ጠያቂ በመጣ ቁጥር የክፍሏ ጠረን ያሳፍረኝ ነበር። ስለዚህ ጥጥ በሰንደሉ ነክሬ ትራሷ ሥር እወሽቃለሁ። ለካ ሽቶው ለአፍንጫዬ የተቀየረው እዚያ ነው፤ የነካሁትም ራሴ ነኝ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አብሽሪ" አሉኝ። ብልቃጤን እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።

እናቴ በመጨረሻ ዓይኗ አያይም ነበር። ጥጡን ስወሽቅ በጠረኑ ታውቅና ነጠላዋን ለማስተካከል እጇን እየሰደደች፣ "ዛሬ ደግሞ ማን ሊመጣ ነው?" ትለኛለች። ማንም በማይመጣበት ቀን አንድም ጊዜ አድርጌላት አላውቅም።