የአገርነሽ ዶሮዎች

ጫኖ ላይ ዶሮ የሴት ሀብት ናት። ሙዙም ማንጎውም የባል ሊሆን ይችላል፤ ዶሮ ግን ባል ማረድ እንኳ ቢያምረው ሚስቱን አስፈቅዶ ነው። ስለዚህ ሩሐማ የምትባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከአርባ ምንጭ መጥታ፣ ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «የዶሮዎቹ ባለቤት ማን ይባላሉ?» ብላ ስትጠይቀው ኦይታ ሳያስብ «አገርነሽ» አላት። ይህ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እትዬ አገርነሽ አሉ?»

«ጸሎት ቤት ሄዳለች፤» አለ።

አገርነሽ ከሞተች ስድስት ወሯ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ኦይታ ቃሉን ሊመልሰው አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ልጅቷ ግን ጽፋ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፋለች። የሚስቱ ስም ቅጹ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ አየው። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ራሱን አሳፈረው፤ ቢሆንም ደስ አለው።

ኦይታ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ዶርዜ ተወልዶ ከአባቱ ጋር ሸማ ሲሠራ ያደገ፣ አገርነሽን ሲያገባ ግን ወደ ቆላ ወርዶ የሙዝ ገበሬ የሆነ ሰው። ሲወርዱ እናቷ አንዲት ገብስማ ዶሮ በቅርጫት አድርገው ሰጥተዋት ነበር። አገርነሽ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጊቢዋ ያሉት ዶሮዎች ሁሉ የዚያች ዘር ናቸው እያለች ኖረች፤ በመሃል ስንቱን ከገበያ እንደገዛች ኦይታ ቢያውቅም አንድ ቀን አልተከራከራትም። አንድ ልጃቸው ክብሩ ሐዋሳ መምህር ነው። የእናቱ ለቅሶ እንዳበቃ «አባዬ፣ ብቻህን እዚህ ምን ታደርጋለህ? እኔ ጋ ና» ብሎት ነበር። ኦይታ ዶሮዎቹን ለማን ትቼ አለና ቀረ።

በለቅሶው ጊዜ አገሩ በሙሉ ድንኳኑ ሥር ተቀምጧል። ኦይታ ግን ለአንድም ሰው «ሞተች» ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ማን ያልሰማ ነበርና። ለክብሩ የደወሉለት ጎረቤቶች ናቸው፤ ዶርዜ ላለው ዘመድ መርዶውን ያደረሱት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ደጁን ከረገጠ ሰው ሁሉ ያልሰማችው ይህች ልጅ ብቻ ሆነች። ስለዚህ አገርነሽ በሕይወት ያለችበት አንድ ቦታ ተገኘ፤ እሱም የሩሐማ ቅጽ ነው።

ዶሮዎቹማ እመቤታቸውን ሊከተሉ ተነስተው ነበር። በሚያዝያ ነጭ ተቅማጥ ገብቶባቸው ከአሥራ አራቱ አምስት ቀሩ። ሰፈሩ «ፈንግል ነው» አለ፤ ሰፈሩ ዶሮ ባስነጠሳት ቁጥር ፈንግል ነው ይላል። ጎረቤቱ ሊሻን እንደ ልማዱ ከሱቅ የሰው ካፕሱል ገዝታ መጠጫቸው ውስጥ በጠበጠችላቸው። አልረዳቸውም። ኦይታ የሞቱትን አንድ በአንድ ሙዙ ሥር ሲቀብር ሚስቱን ደግሞ ደጋግሞ የሚቀብር መሰለው። በመጨረሻ ቀበሌ ሄዶ አመለከተ፤ በዚያው ቤቱ ለአንድ ጥናት ተመዘገበ።

ጥናቱ በዶሮ አንጀት ውስጥ ስለሚገኙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ነበር። ሩሐማ ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ትመጣለች። ዶሮዎቹን እያንዳንዳቸውን በብብቷ ይዛ፣ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ጭራቸው ሥር አስገብታ ታወጣና፣ በብልቃጥ ከትታ በበረዶ ሣጥን ይዛ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ግን ቅጹ አለ። ቅጹ ላይ ደግሞ የዶሮዎቹ ባለቤት አለች።

ከዚያማ አገርነሽ እግሯ ቤት አልቀመጥ አለ። በሰኔ ምዕራብ ዓባያ ገበያ ሄደች። በሐምሌ የእህቷን ልጅ ልትድር ዶርዜ ወጣች። በነሐሴ አራስ ጥየቃ፣ በመስከረም የሴቶች ጸሎት። በሕይወቷ ከጊቢዋ ለማውጣት ልመና የሚያስፈልጋት ሴት ከሞተች በኋላ አገር ላገር ዞረች። ሩሐማም አልጠረጠረችም፤ ባለዶሮዎቹ ሴቶች ሁሉ ሥራ ይበዛባቸዋል። «እንግዲያው ይንገሩልኝ» ትላለች። «ጫጩቶቹን ከትልልቆቹ ይለዩ፤ መጠጫውን በየቀኑ ይጠቡ፤ ካፕሱል ከእንግዲህ እንዳይሰጡ፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየለመደው ነው።»

ኦይታ መልእክቱን ያደርሳል። የሞተሩ ድምፅ ርቆ ሲጠፋ በረንዳው ላይ ቆሞ «አገርነሽ፣ መጠጫውን በየቀኑ እጠቢ ተብለሻል» ይላል። ከዚያ ራሱ ያጥባል።

በአራት ወር ዶሮዎቹ አገገሙ፤ አምስቱ አሥራ አንድ ሆኑ። ሩሐማ «እትዬ አገርነሽ ጎበዝ ናቸው፤ በጥናቱ ካሉት ሃያ ሁለት ቤቶች እንደሳቸው ምክር የሚሰማኝ የለም» ስትል ኦይታ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ተመሰገነችለት።

ናፈቀችው። ይህን በሌላ ቃል ማስጌጥ አያስፈልግም። ዶሮዎቹን የምትጠራበት ድምፅ ናፈቀው፤ እሱ ሲጠራቸው ቆም ብለው አይተውት ነው የሚመጡት። ጭቃ ይዞ ሲገባ የምትቆጣው ቁጣ ሳይቀር ናፈቀው፤ አሁን እንዳሻው ጭቃ ይዞ ይገባል፣ የሚናገረው የለም። ጎረቤቶቹ ልቡን ላለመንካት ብለው ስሟን መጥራት ትተዋል። ማክሰኞ ሲደርስ ግን ሰው መጥቶ «እትዬ አገርነሽስ?» ይላል፤ እሱም «ደኅና ናት» ይላል። ለዚህ ሲል ወሩን ሙሉ ይጠብቃል።

ሊሻን በአጥር በኩል ሰምታ ዝም ብላው ነበር። አንድ ቀን ግን አላስቻላትም።

«የክብሩ አባት፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ራስዎ ቢነግሯት አይሻልም?»

«በሚመጣው ማክሰኞ እነግራታለሁ፤» አላት።

በሚመጣው ማክሰኞ አገርነሽ ደግሞ ገበያ ነበረች።

በጥር ሩሐማ ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ይዛ መጣች። ጥናቱ ሰፍቷል አለች፤ በዶሮዎቹ አንጀት የተገኘው ባክቴሪያ ወደሚያረቧቸው ሰዎች ተላልፎ እንደሆነ ሊታይ ነው። በአንደኛው ዕቃ ላይ «ኦይታ»፣ በሌላው ላይ «አገርነሽ» ተብሎ ተጽፏል። ነገ ጧት እያንዳንዳችሁ ሰገራ አድርጉበት፣ መጥቼ እወስዳለሁ ብላው ሄደች።

ኦይታ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያያቸው ዋለ። በአገሩ ለሞተ ሰው የሚደረገው ሁሉ ለአገርነሽ ተደርጎላታል፤ ይህን ግን ለሚስቱ ያደረገ የመጀመሪያው ባል እሱ ሳይሆን አይቀርም። በማግስቱ ጧት ሁለቱንም ሞላ። ስሟ የተጻፈበትን ባዶውን መመለስ አልሆነለትም።

በመጋቢት፣ አንድ ዓርብ ጧት፣ የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። ሩሐማ የበረዶ ሣጥኑን አልያዘችም።

«ጋሽ ኦይታ፣ የላብራቶሪው ውጤት መጣ፤» አለች። «ዶሮዎቹ ቢያገግሙም ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ አልለቀቃቸውም። በእርስዎም በእትዬ አገርነሽም ላይ ያው እሱ ተገኝቷል። ለጤነኛ ሰው ብዙ አያሰጋም፤ ግን ቅጹን ስንሞላ እሳቸው የደም ግፊት አለባቸው ብለውኝ ነበር። ባጃጅ ጠርቻለሁ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ።»

«ገበያ ሄዳለች።»

«እጠብቃቸዋለሁ።»

«ስትመለስ ይመሻል እኮ።»

«ይምሽ። አሥር ወር ሙሉ ስማቸውን ስጽፍ ኖሬ መልካቸውን አላውቅም። ዛሬ ሳላያቸው አልሄድም።» ይህን ብላ ማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ኦይታ ውሃ ላምጣልሽ ብሎ ወደ ቤት ገባና ውሃውን ሳይቀዳ ቆመ። ወጥቶ ከነገራት አገርነሽ ከእንግዲህ የትም የለችም፤ ገበያም፣ ዶርዜም፣ ቅጹም ላይ። «እትዬ አገርነሽስ?» የሚለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ አይኖረውም። ካልነገራት ደግሞ ልጅቷ እስከ ማታ ትቀመጣለች፤ ነገም ትመጣለች፤ የያዘችውን የማትለቅ ልጅ መሆኗን በዶሮዎቹ አይቷል። በመስኮቱ በኩል ስልክ ስታወራ ሰማት።

«አዎ፣ ስልሳ ዓመት የሆናቸው እናት ናቸው። ግፊት አለባቸው። እባክህ ካርድ አውጣላቸው፤ አገርነሽ ብለህ ጻፍ። ምሳ እንዳትወጡብኝ፣ ይዣቸው እመጣለሁ። እባክህ ወንድሜ።»

ለአገርነሽ የምትለምነውን ልመና እስኪጨርስ መስማት አልቻለም። ወጣ።

«ሩሐማ ልጄ፣ ስልኩን ዝጊው። አገርነሽ ሞታለች።»

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ አየችው። «መቼ?»

«አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነው።»

ሩሐማ ስልኩን ዘጋች። ከሥራው መላቀቅ እንዳቃተው ሰው፣ «ያ ዕቃስ?» አለች።

«ሁለቱም የኔ ናቸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን በሳቀ፣ ወይም በተቆጣ። ብትቆጣም አይፈረድባትም ነበር፤ የአሥር ወር ድካሟን ነው ያበላሸባት፣ ይህም ቤት ከጥናቱ መውጣቱ አይቀርም። ፊቷ ለአፍታ ተለዋወጠ። ከዚያ ሞተር ስትነዳ አንገቷ ላይ የምትጠመጥመውን ሻርፕ ፈትታ ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ተነስታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«አልሰማሁም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ፤» አለች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን፤» አለ ኦይታ፤ አግዳሚውም ላይ ተቀመጠ።

ለቅሶ ዘግይቶ የደረሰ ሰው አሟሟቱን መጠየቅ ደንቡ ነው። ሩሐማም አጠገቡ ተቀምጣ እንደ ደንቡ ጠየቀች።

«ምን አግኝቷቸው ነው?»

ይህን እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ግፊት እንደገደላት ሁሉም ያውቃልና ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ሐሙስ ጧት ነበር፤» አለ። «ሙዝ የሚጭነው መኪና መጥቶ እየጠበቀኝ ነው። እሷ እደጁ ላይ ተቀምጣለች። ‹ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ ባትሄድስ› አለችኝ።»

ኦይታ ወደ ደጁ አየ።

«ሄድኩ፤» አለ።