ማሽኗ ያኮረፈች ዕለት

ልጅ ሳለሁ ቀናተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ፣ ምን ይደበቃል። ያኔ የምቀናው በሰሚራ ነበር። ሰሚራ የግቢያችን ተከራይ የነበሩት የስልጤው ባለሱቅ የጋሽ ከድር ልጅ ናት፤ እኩያዬና የክፍል ጓደኛዬ። ቤታችን አቃቂ ነበር፣ ከባቡር ሐዲዱ ዝቅ ብሎ። አባቷ ሱቅ ስላላቸው፣ ከረሜላ እንደልቧ ስለምታገኝ አልቀናሁባትም። ያስቀናኝ የገዛ አያቴ ነገር ነው።

አያቴን የግቢው ልጅ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኑ ሲጮህ ሰው ከሰው ስለማይሰማማ ሠራተኛው የሚያወራው በእጁ ነበር፤ ክር ተበጠሰ፣ አለቃ መጣ፣ ምሳ ደረሰ፣ ሁሉም በጣት ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ እጃቸው ዝም ማለት አልቻለም። ክረምት ላይ ገና ሲመሽ መብራት ድርግም ሲል ኩራዝ ይለኮሳል፣ ከሰሉ ፍም ላይ የበቆሎ እሸት ይንጣጣል፣ እኛም ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን። ያኔ አባባ ሲተርቱ የእጃቸው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲራወጥ፣ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን ሲያጠቁረው፣ እኔ ሌላ ዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር።

የእሳቸው ተረት አንበሳና ጦጣ የለበትም፣ ሁሉም ከፋብሪካው ነው። አብልጠን የምንወደው የሰባት ቁጥር ማሽንን ተረት ነበር። ሰባት ቁጥር ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ካልተባለች ክር አትፈትልም። አንድ ቀን አዲስ አለቃ መጣና ሰላም ሳይላት ቁልፉን ተጫነ። አኮረፈች። ፋብሪካው በሙሉ ሲለምናት ዋለ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን ዘይቤ አስተማሩን፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት። እኔ ትርጉማቸውን ከነምሳሌያቸው ሸምድጄ ፈተናውን ደፈንኩት። ሰሚራ ግማሹን ሳተች። እሰይ አልኩ በሆዴ።

ያን ክረምት የአባባ ደረት ባሰበት፤ ስንት ዓመት የጥጥ ብናኝ የዋጠ ደረት ነው። ሐኪሙ ብዙ እንዳያወሩ አዘዛቸው። አንድ ምሽት እያሳላቸው «እንግዲህ እኔ አዳማጭ ልሁን። ሰባት ቁጥርን አሳምሮ ያወራልኝ ቦታዬን ይውሰድ» አሉን። ቦታቸው ከምድጃው ጎን ያለችው በርጩማ ናት። ዓይኔ እሷ ላይ ተተከለ። የማን አያት ናቸው? የኔ አይደሉም እንዴ?

ሰሚራ ቀደመችኝ። ስታወራ እጆቿ ልክ እንደ አባባ እጆች ይሄዱ ነበር፣ የተበጠሰውን ክር በጣቶቿ ስትቀጥል ክሩ ይታየን ነበር። ደግሞ አባባ ያላሉትን ጨመረችበት፤ «ሰባት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እንባዋንም ማንም ሳያይባት በጥጥ ጠረገች» አለች። የስድስት ዓመቱ ወንድሜ ቢኒ በቆሎውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ማኘክ ረሳ።

እኔ ግን አረርኩ። ብድግ ብዬ «ውሸቷን ነው! ማሽን ፊት የለውም፣ ማሽን አያለቅስም! አባባም እንዲህ ብለው አያውቁም!» አልኩ። የሰሚራ እጆች አየር ላይ ቀሩ፣ ዓይኗ ቅርር አለ። እንግዲህ ሰውኛ ዘይቤ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ መስጠት ነው ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁት እኔው ነኝ! ወረቀት ላይ አውቀዋለሁ፣ ከሰሚራ አፍ ሲወጣ ውሸት አልኩት። ቅናት እንዲህ ያሳውራል።

አባባ አልተቆጡም። «በይ እስቲ ማርታ፣ አንቺ አውሪልን» አሉኝ። አወራሁ። እጆቼን አጣምሬ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። መሃል ላይ አንዷ ልጅ አዛጋች፣ ሌላው ፍሙን በእንጨት መቆስቆስ ጀመረ። ማሽኗ ልትታረቅ ስትል ቢኒ፣ የእናቴ ልጅ፣ «ሰሚራ ትጨርሰው» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ በርጩማዋን ለቀው ሰሚራን በእጃቸው ጠሯት። እኔ ጓዳ ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። ይቅርታም አልጠየቅኳት። የዚያን ክረምት ተረት በሙሉ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሰማሁት፤ መጥቼ እንዳልቀመጥ የከለከለኝ ማንም አልነበረም፣ ከኩራቴ በቀር።

አባባ ካረፉ ቆዩ። እኔ የአማርኛ መምህርት ሆንኩ፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። የዕድል ነገር፣ ሰሚራም እኛው ብሎክ ሥር ሱቅ ከፈተች። ሰላም እንባባላለን፣ ያን ክረምት ግን አንስተነው አናውቅም። ዘይቤን በየዓመቱ አስተምራለሁ፣ ትርጉሙን ቦርድ ላይ አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ምሳሌዬ ግን ሁልጊዜ የመጽሐፉ ነው። የራሴ አንድም የለኝም።

በቅርቡ የስምንት ዓመት ልጄ ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ዘገየች። ልቆጣት ስነሳ በሩን በርግዳ ገባች። «እማዬ! የእትዬ ሰሚራ ፍሪጅ እኮ መብራት ሲሄድ ይፈራል! ሆዱ ውስጥ ያሉትን ወተቶች 'እንዳታለቅሱ፣ እኔ አለሁ' ይላቸዋል!»

ቀናሁ። ይህ ወሬ ለልጄ ከኔ፣ ከአባባ የልጅ ልጅ፣ መምጣት ነበረበት። «ፍሪጅ አይፈራም» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ እግዜር ይመስገን ዋጥኩት። ዳቦውን ተቀብዬ አስቀመጥኩና አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ከዚያስ?» አልኳት፤ «ወተቶቹ ምን አሉት?»